ለአያቷ የደወልኩበት ቀን

ድሮ ተማሪዎቼ «አብላ ኢንሺራሕ» ይሉኝ ነበር። አሁን «ሚስ» ሆኛለሁ። ሚስ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ ምኔ ነው ሚስ? መጀመሪያ ሰሞን አርማቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። እዚሁ ናግ ሐማዲ ከተማ፣ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አረብኛ ሳስተምር ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ይቀረኛል።

የዘንድሮ ልጆች ትምህርት ቤት የሚመጡት ለመተኛት ነው። ትምህርቱን የሚማሩት ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው የጥናት ማዕከል ነው፤ አንድ ድምፅ ማጉያ የጨበጠ ጎረምሳ መምህር ስድሳ ልጅ አንድ አዳራሽ አጉሮ ይጮህባቸዋል፣ ወላጅም ደስ ብሎት ይከፍላል። እኔን ግን በስልክ ይጠብቁኛል። የእናቶች የዋትስአፕ ቡድን የሚባል ጉድ አለ። ጠዋት አንዷን «ዝም በይ» ካልኳት እረፍት ሳይደርስ ሁሉም እናት ሰምታ ፈርዳብኛለች። ጎረቤቴ ስልኳን ከፍታ «ዛሬ ደግሞ ማንን አስለቀስሽ ይሉሻል» እያለች ታሳየኛለች። ይህን ሁሉ የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ንዴቴ ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

እሑድ፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰዋስው እያስረዳሁ፣ ሮዳይና አንገቷን ደፍታ ጉልበቷ ላይ ባለ ነገር ትስቃለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጎበዝ ናት፣ አልክድም፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ነው የምትወጣው፣ በዚህ ዓመት መጨረሻም የመካከለኛ ደረጃ ፈተናዋን ትወስዳለች። ስልክ ክልክል መሆኑን ደግሞ አሳምራ ታውቃለች። ሄጄ ከእጇ መነጨቅኩት። ስልኩ ላይ ፎቶ ነበር፤ ሮዳይና ከአንድ ወንድ ልጅ ጎን ቆማ፣ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት፣ ሁለቱም ጥርሳቸው ተገልጦ ይስቃሉ። ደሜ ፈላ።

«ሚስ፣ በናትሽ ፎቶውን ሙሉውን እዪው» አለችኝ። አንቺ እያለች! የሰፈር እኩያዋ መሰልኳት። ሙሉውን አላየሁም። ያየሁት በቅቶኝ ነበር፤ ስልኩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ዳይሬክተራችን አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፣ ለሁሉም ነገር ቅጽ አላት። መጀመሪያ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ልጅቷን ታነጋግራለች፣ ቀጥሎ እናት ትጠራለች፣ ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ያ ሁሉ እስኪያልቅ ልጅቷ አግብታ ትወልዳለች ብዬ ቅጹን ተውኩት። እናቷንም አልጠራሁም። እናቷን ራውያን አውቃታለሁ፤ እሷም የእኔ ተማሪ ነበረች፣ አሁን ግን ከዚያ ቡድን ውስጥ ናት፣ ብነግራት እኔኑ ጥፋተኛ ታደርገኛለች ብዬ አሰብኩ። በእኛ ጊዜ ነገር የሚነገረው ለቤቱ ትልቅ ነበር። የልጅቷ አባት ኩዌት ነው የሚሠራው። እናትና ልጅ የሚኖሩት ሐጂ አብደልራዲ ቤት ፎቁ ላይ ነው፤ ሐጂ የራውያ አባት ናቸው፣ የሮዳይና አባትም የወንድማቸው ልጅ ስለሆነ ውክልናውን ሁሉ ለእሳቸው ሰጥቶ ነው የሄደው። የቤታቸው ስልክ ቁጥር ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም። ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ልጃችሁን ጠብቋት። ከወንድ ጋር የተነሳችው ፎቶ እጄ ገብቷል» አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁኝም። አላህ ይስጥልኝ፣ እርስዎን የመሰለ መምህር ዛሬ የት ይገኛል ብለው መርቀውኝ ዘጉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ወላጅ ካመሰገነኝ ስንት ዘመኔ! የዚያን ቀን ምሳዬን አጣጥሜ በላሁ።

ሰኞ ሮዳይና አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ገርፈዋት ይሆናል፣ ይበላት ብዬ ዝም አልኩ። ረቡዕ ጠዋት በጸሐፊዋ ቢሮ ሳልፍ ሐጂ አብደልራዲ አንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ ሌላው ዶሴ ይዞ ሲወጡ አገኘኋቸው። የሮዳይና የትምህርት ዶሴ ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አክብረው ሰላም አሉኝና «የተናገሩት መሬት አልወደቀም አብላ። ከእንግዲህ ከቤት ሆና ትፈተናለች» አሉኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ እኮ የፈለግሁት ቁጣ ነው። ስልኩን ለአንድ ሳምንት ይቀሟታል፣ ሁለት ቀን አኩርፋ ትውላለች፣ ከዚያ አርፋ ትማራለች፣ በቃ። ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። የፈተናው ፎርም ሐሙስ ይዘጋል አለችኝ፣ ማለት በማግስቱ። ዶሴው እዚህ ከሌለ ፎርም የለም፤ ፎርም ከሌለ ፈተና የለም፣ ሁለተኛ ደረጃም የለም። ከቤት ሆኖ መፈተንስ ስላት «እሱማ ሌላ ማመልከቻ አለው፤ ሐጂ ግን የጠየቁት ነገር የለም» አለችኝ። ወደ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ተማሪው ከተበተነ በኋላ መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ራውያ መጣች። አርባ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ሦስት ወንዶች ወልዳ ድራ፣ ሮዳይና የመጨረሻዋ ናት። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለሚጮህ ሰው መልስ አላጣም። አልጮኸችም። ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም። ለምን ለእኔ አልደወሉም ነው ያለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እኔም የማውቀውን ነገርኳት። የቤቱ ትልቅ እያለ ለሌላ አይነገርም፣ አንቺንም ሳስተምርሽ እንደዚሁ ነበር፣ ታዲያ ምን ሆንሽ? አልኳት። ይህን ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን ሆንሽ አልኳት።

የዚያን ጊዜውን ነገር ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፣ ለወጣት መምህራን ሁሉ። የሮዳይና ዕድሜ ላይ ነበረች፣ የመካከለኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት፣ እንደ ልጇ ጎበዝ። ደብተሯን ሳርም ውስጡ ደብዳቤ አገኘሁ፤ «የእኔ ውድ» ብሎ ይጀምራል፣ ታች የወንድ ፊርማ አለው። ቀዳድጄ ጣልኩትና አባቷን አስጠራሁ። ከሳምንት በኋላ መምጣት ተወች፣ በወሩ ለሠርጓ ተጠራሁ፤ የአጎቷን ልጅ አገባች። የሠርጉን ጣፋጭ መጠጥ፣ ሸርበቱን፣ ጠጥቼ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል ብያለሁ። አንዲት ልጅ ከጥፋት አድኜ በክብር አስዳርኩ እያልኩ ስኩራራ ነው የኖርኩት።

«አብላ፣ ትምህርቴን የተውኩት ለምን ይመስልዎታል?» አለችኝ።

«ባል መጣልሽ እንጂ።»

«ባሉ የመጣው ከቤት እንዳልወጣ ከተከለከልኩ በኋላ ነው። እርስዎ አባባን የጠሯቸው ዕለት መጽሐፎቼ ምድጃ ገቡ። እኔንም ከቤት ሆነሽ ትፈተኛለሽ ነበር ያሉኝ። ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልተፈተንኩም።»

 የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ይሁንና ምላሴ እሺ አላለም። «ደብዳቤ ነበረ እኮ ራውያ፣ በእጄ ነው የያዝኩት» አልኳት።

«ማን እንደጻፈው ጠይቀውኛል?»

አልጠየቅኳትም። በዚያን ጊዜ ልጅ አይጠየቅም፤ ይነገረዋል እንጂ። ራውያም መልስ አልጠበቀችም። የመጣሁት ለዚያ አይደለም አለችኝ። አባቷ የእሷን ቃል ከቁም ነገር እንደማይቆጥሩት፣ ከኩዌት ባሏ ደውሎ ቢለምናቸው እንኳ አንተ ሩቅ ነህ ብለው ዝም እንዳሰኙት፣ የእኔን ቃል ግን እንደማይጥሉት ነገረችኝ። ነገ ፎርሙ ይዘጋል፣ ዛሬ መጥተው ተሳስቻለሁ ይበሏቸው አለችኝ።

እንዴት ብዬ ተሳስቻለሁ እላለሁ? በሠላሳ አምስት ዓመት ለወላጅ ብዬው አላውቅም። ለማናቸውም ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩና ስልኩን አወጣሁ፤ ራውያ መክፈቻውን ታውቅ ነበር፣ ፎቶውን አምጥታ የተለጠጠውን በሁለት ጣቷ አሳነሰችልኝ። ያንጊዜ ሙሉውን አየሁት። አሥራ ስድስት ልጆች ናቸው። መሀል ላይ ኬክ አለ፤ የማዕከሉ የሒሳብ መምህር ልደት ነበር። ከሮዳይና አጠገብ የቆመው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው፣ በየቀኑ ሸምሲ ዳቦ የምገዛው ከእሱ እጅ ነው። ኬኩን የምትቆርሰዋስ? ኑራን ናት፣ የገዛ እህቴ የልጅ ልጅ! እሷ ከወንዶቹ መካከል ነበረች፣ ክፉ ነገር አስቤባት አላውቅም።  ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳት።

ሐጂ አብደልራዲ እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ ነበሩ። ከሰማንያ አልፈዋል፤ ለእኔ ሲሉ በምርኩዝ ተነስተው ቆሙ። ደረጃው ላይ ሮዳይና ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሰላም አላለችኝም፣ እኔም አልፈረድኩባት። ከሻይ የሚበላው ደረቅ ዳቦ፣ ፋይሽ፣ ቀረበ። ራውያ ሻይ ልታመጣ ወጣች። ሐጂ ገና ሳልናገር ማመስገን ጀመሩ፤ የዛሬ መምህራን ደመወዛቸውን ከመብላት ሌላ ምን ያውቃሉ፣ እርስዎ ግን የሰው ልጅ እንደራስዎ ልጅ ይጠብቃሉ አሉኝ። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ ነበር የሚያርፍብኝ።

ተሳስቻለሁ አልኳቸው። ፎቶው የጥናት ማዕከሉ ልጆች የልደት ፎቶ ነው፣ አሥራ ስድስት ልጅ አለበት፣ የእህቴ የልጅ ልጅም አለችበት፣ ሳላጣራ ነው የደወልኩት፣ ዶሴውን ይመልሱላት አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ራውያ አልቅሳብዎት ነው አሉኝ። ሴት ልብ ቡቡ ነው፣ የመጀመሪያው ቃልዎ ነው እውነተኛው አሉኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩላቸው። 

«አብላ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስለ ራውያ በነገሩኝ ጊዜ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳችሁም። እርስዎንም፣ እሷንም። አሁንም አልጠየቅኩም። እርስዎ ካሉ አሉ ነው። ታዲያ ዛሬ ተሳስቻለሁ ካሉኝ፣ ያንጊዜስ? ያንጊዜም ተሳስተው ነበር?»

ራውያ የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቆመች። እኔ ነገሩ ገባኝ። ያንጊዜ አልተሳሳትኩም ካልኩ፣ ዛሬም የመጀመሪያ ቃሌን ይዘው ይጸናሉ፣ ሮዳይናም ቤት ትቀራለች። ተሳስቻለሁ ካልኩ ደግሞ እኚህ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትክክል ነው ያሉትን ነገር በአንዲት ቃል እነጥቃቸዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ አልተሳሳትኩም ነበር የምለው፤ ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። ለልጅቷ ስል ልዋሽ ቆረጥኩ።

«አዎ» አልኳቸው። «ያንጊዜም ተሳስቻለሁ።»

ራውያ ገብታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«እውነታቸውን ነው አባባ» አለች። «ደብዳቤው የአጎቴ የሐሳኒን ነበር።»

ሐሳኒን ማን እንደሆነ ናግ ሐማዲ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የራውያ እናት ወንድም ነው፤ በውርስ መሬት ከሐጂ ጋር ተካስሶ፣ ተኳርፎ ወደ ሊቢያ የሄደው። ሐጂ አብደልራዲ ሚስታቸው ለወንድሟ አንዲት ቃል ብትልክ፣ አንዲት ቃልም ብትቀበል የተፈታች ትሁን ብለው በሰው ፊት ምለው ነበር። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤዎቹ በጎረቤት በኩል ይመጣሉ፣ ራውያ ታነባለች፣ መልሱንም ቤት እንዳይገኝባት በትምህርት ቤት እረፍት ላይ ትጽፋለች። «የእኔ ውድ» የተባለችው እህቱ ነበረች። ይህን ሁሉ ራውያ ቆማ፣ ሳትቸኩል ተናገረች። እኔ ፊርማውን አይቻለሁ፤ ስሙን እንኳ አላስተዋልኩትም። የወንድ ስም መሆኑ በቅቶኝ ነበር።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ልዋሽ የከፈትኩት አፍ እውነት ተናግሮ ኖሯል። 

«ያንጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር።

«ብነግርዎት እማዬ ትፈታ ነበር። እርስዎ የማሉትን አያጥፉም።» ቀጥላም «አሁን እማዬ የለችም፣ ስለዚህ ነገርኩዎት» አለች። እናቷ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል።

 ሐጂ «ሐሳኒን» ብለው ለራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አብላ፣ ደብዳቤውን አንብበውት ነበር?»

«የመጀመሪያውን መስመር» አልኩ። «የመጀመሪያውን መስመርና ፊርማውን።»

«እኔ ያንንም አላነበብኩም» አሉ።

ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ። ላግዛቸው ብድግ ስል በእጃቸው ይተዉኝ አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተው ዶሴውን ይዘው ተመለሱ፣ ለእኔ አልሰጡኝም፣ ለራውያ ነው የዘረጉላት። ራውያ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።  ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የሮዳይና ፎርም በማግስቱ ጠዋት፣ ጸሐፊዋ ገና ቢሮዋን ስትከፍት ተሞላ።

ያን ዕለት ልወጣ ስል ራውያ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ሮዳይና ደረጃው ላይ ዶሴውን ከእናቷ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች። «ሚስ፣ ነገ ልምጣ?» አለችኝ። ነይ አልኳት።

በሩ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም፤ ተማሪን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅማ። «ራውያ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ቀረሁ። ስለ ሮዳይና አላህ ይስጥልኝ አለችኝ። ስለ ራሷ ምንም አላለችኝም። ልሄድ ስል ግን ጠራችኝ።

«አብላ፣ ከክፍላችን የዓይዳንም አባት አስጠርተው ነበር። የነጃትንም። እነሱ የት እንደደረሱ ያውቃሉ?»

አላውቅም። ዓይዳ ማሰሮ የምትመስል ቦርሳ ነበራት፣ ያን አስታወስኩ። ነጃት መስኮት ሥር ነበር የምትቀመጠው። ሁለቱም አባቶቻቸውን ካስጠራሁ በኋላ የቀሩ ናቸው፤ ለሁለቱም ባል መጣላቸው ተብዬ ነበር፣ የሁለቱንም ሠርግ በልቻለሁ። አላውቅም አልኳት። እሷም እሺ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

በእግሬ ሄድኩ። የአገዳ ጭነት ትራክተሮች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እመልሳለሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አላይም። እየሄድኩ አባቶቻቸውን ያስጠራሁባቸውን ልጆች ማስታወስ ጀመርኩ። ሰማሕ፣ ኢጅላል፣ ሁለቱ የሙዋፊ ልጆች፣ ያቺ በግራ እጇ የምትጽፈው። ማንኛዋ ተመለሰች፣ ማንኛዋ ቀረች ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ቤቴ ስደርስ ያልተመለሱት አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ከአሥራ አንድ በላይ መቀጠል አልቻልኩም፤ የቀሩት ፊታቸው ይመጣል፣ ስማቸው ጠፍቶኛል።